ስንዴ ለመቶ አሥራ ሁለት በር

መርዳሳ ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት አናቱ ላይ በቀይ ማህተም «አስቸኳይ» ተብሎ ተመትቶበታል። ወረቀቱ የተጻፈው ሰኞ ነው፤ ስንዴው የተጫነው ሐሙስ። በመካከል ያሉትን ቀናት አስቸኳዩ ስንዴ ናዝሬት መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ አንድ ፊርማ ሲጠብቅ ከረመ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው የተጠራው ደግሞ ለጎርፍ ተጎጂዎች እንዴት በፍጥነት መድረስ እንደሚቻል ለመነጋገር ነበር። እኔ የጨመርኩበት ነገር የለም፤ የሆነው ይኸው ነው።

ጊዜው ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ነሐሴ ነው። በዚያ ክረምት ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ደራሽ ውሃ ቆላውን ሲጠርገው ሰነበተ፤ የመንግሥት የጭነት መኪናዎችም ስኳሩን ትተው ስንዴና ብርድ ልብስ ማመላለስ ያዙ። መርዳሳ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። የሚነዳት አሮጌ ፊያት ኤንትሬ ናት፤ ረዳቱ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደበት ወዲህ ሸራውንም ጎማውንም ብቻውን ነው የሚታገለው። የጴንጤ ልጅ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመታት ቢያልፉም እሱ ግን መዋሸት አልለመደም። ጽድቅ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲዋሽ ጆሮው ፍም ስለሚመስል ወዲያው ይያዛል።

የስምሪት ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሸዋወርቅ ወረቀቱን ስትሰጠው ዓይኗን አላነሳችም።

«መቶ አሥራ ሁለት አባወራ፣ መቶ አሥራ ሁለት ጆንያ፣ መቶ አሥራ ሁለት የጣት አሻራ። ከሥሩ የመንደሩ ማህተም። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

«አንድ ቢጎድል ወደዚህ ግቢ መምጣት አያስፈልግህም። በቀጥታ ጂብሪል ያለበት ሂድ።»

ጂብሪል የሥራ ባልደረባው ነው። ባለፈው ወር ሁለት ጆንያ በዝናብ በስብሰው ተቀደዱበትና ስንዴው መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ስሙ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ሆነ፤ ይኸው እስር ቤት ነው። ሚስቱ ዙህራ በየቀኑ ስንቅ ታመላልሳለች፤ የመርዳሳ ሚስት ዘርፉ አንዳንድ ቀን ሳህኑን ታግዛታለች። ስለዚህ መርዳሳ ከናዝሬት ሲወጣ የሚያስበው ስለ ጎርፉ አልነበረም። ስለዚያ ማህተም ነበር። ይህን ስናገር ላሳጣው አይደለም፤ ሦስት ልጅ ያለው ሰው ሌላ ምን ያስባል?

አዋሽን ተሻገረ፣ ደራን አለፈ፣ ከዚያ ወደ ጭቃው መንገድ ታጠፈ። ከደራ ወዲያ ያለችው መንገድ ሁለት ሰዓት ፈጀችበት። መንደሩ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ከጋቢናው ወረደና ቆሞ ቀረ።

መንደሩ አለ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ገበሬው ከየኮረብታው ተሰብስቦ በአንድ ቦታ እንዲሰፍር ሲደረግ የተሠራ ነው፤ «አዲስ ሕይወት» ይባላል። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው በአራት ረድፍ ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ በር ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ውሃው ጎደለ እንጂ አልሄደም፤ በየበሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ሰው ግን የለም። አንድ አውራ ዶሮ ጣሪያ ላይ ሆኖ ያየዋል፤ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር አይታይም። መርዳሳ ወረቀቱን አውጥቶ አነበበ፣ በሮቹን አየ፣ እንደገና አነበበ። ቦታው ልክ ነው።

ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ከተሠራው ጽሕፈት ቤት ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ወጣ። የመንደሩ ካድሬ ጓድ ሰንበታ ነው።

«እንኳን ደህና መጣህ ጓድ። አራግፍ እንጂ።»

«ለማን ነው የማራግፈው? ሕዝቡ የት አለ?»

«መንደሩ ውስጥ።»

«መንደሩ ውስጥ ሰው የለም።»

«ለጊዜው አልተገኙም» አለ ሰንበታ።

መርዳሳ ቀና ሲል ከመንደሩ በስተጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ጭስ አየ። አንድ ቦታ አይደለም፣ ብዙ ቦታ። የልጆች ድምፅም ይሰማል።

«እዚያ ላይ ያሉትስ እነማን ናቸው?»

ሰንበታ ወደ ኮረብታው ሳይዞር መለሰ። «እዚያ ሰው የለም። ቦታው በጥር ወር ተለቋል።»

«ጭስ እኮ ይታየኛል!»

«ጓድ ሹፌር፣ ያንተ ሥራ ጭስ ማየት ነው ወይስ ስንዴ ማድረስ?»

መርዳሳ ግራ ገባው። ሰው ግራ ሲገባው ወይ ይቀመጣል ወይ ይሄዳል፤ እሱ ሄደ። በመንደሩና በኮረብታው መካከል ያለውን የቦይ ጭቃ ተሻግሮ ዳገቱን ወጣ። ላይ ሲደርስ አዲስ ሕይወት መንደር በሙሉ እዚያ ቁጭ ብሏል፤ በድሮው የቤት ቦታው፣ በድሮው ምድጃው ዙሪያ፣ ከላይ ቆዳና ቅጠል ወጥሮ። ሰላምታው በኦሮምኛ ሆነ፤ የጤና፣ የልጅ፣ የከብት ጥያቄው ካለቀ በኋላ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ነገሩን አስረዱት።

«እኛ ከድሮም እዚሁ ነበርን። በጥር አንድ ሰው ገመድ ይዞ መጣና ታች ሜዳው ላይ ዘረጋው። ‹ይህ የውሃ መንገድ ነው› አልነው። ‹ፕላኑ ከላይ ነው የመጣው› አለን። እሁድ ጎህ ሲቀድ ውሃውም ከላይ መጣ።»

«ታዲያ አሁን ለምን እዚህ ሰው የለም ይባላል?»

«ወደ ድሮ ቦታ መመለስ ክልክል ነዋ! እዚህ ካለን ወንጀለኞች ነን፤ ስለዚህ የለንም። ሰንበታም ክፉ ልጅ አይደለም፤ አሉ ብሎ ከጻፈ እሱ ይጠየቃል።»

መርዳሳ የሰማውን ሲያብላላው ራሱ ዞረበት። ተጎጂዎቹ እዚህ አሉ፤ ግን የሉም። መንደሩ ውስጥ ማንም የለም፤ ግን ሁሉም አለ። ስንዴውን እዚህ ቢያወጣው ሰው ለሌለበት ቦታ ሰጠ ይባላል፤ ታች ቢያራግፈው ለውሃ ሰጠ ይባላል። ቢመልሰው ደግሞ ጂብሪል አለ። ወረደና ሰንበታን ለመነው፤ ወጣና ገመዳን ለመነ፤ እንደገና ወረደ። በሦስተኛው ዳገት ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሳለ አንድ ነገር ብልጭ አለለት።

«ለምን ሁላችሁም ለአንድ ሰዓት አትወርዱም?» አላቸው። «እያንዳንዱ ሰው በገዛ በሩ ላይ ይቁም። እኔ በየበሩ ጆንያ አደርሳለሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ ከዚያ ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። ውሸት የለበትም፤ በራችሁ ነው፣ ቆማችኋል፣ ተቀብላችኋል።»

ኦቦ ገመዳ ሳቃቸው መጣ። ሳቁ ወደ ሌላው ተዛመተ። አራት ቀን ሙሉ ሲረጥብ የሰነበተ ሕዝብ እንዲያ ይስቃል ብሎ ማን ያስባል። ተንጋግተው ወረዱ።

ያን ያየ ሰው ሠርግ ነው ይል ነበር። መቶ ምናምን ሰው ልብሱን እስከ ጭኑ ሰብስቦ በየበሩ ውሃ ውስጥ ቆመ። ጎረቤት ጎረቤቱን «እንደምን ሰነበትክ፣ ቤት ለእንግዳ!» እያለ ይቀልዳል። አንዱ የሰባ ሦስትን በር ለቆ ሰባ አራት ላይ ቆሞ ተገኘና ሚስቱ እየሰደበች መለሰችው። ጎልማሶቹ ጆንያውን ከመኪናው ተቀባብለው በየበሩ አደረሱ። ሰንበታም የመርዳሳን ወረቀት በመዝገብ ላይ ዘርግቶ በየበሩ አሻራ ተቀበለ፤ እሱም ደስ ብሎታል፣ ሕዝቡ በየቤቱ ተገኝቶለታል። መርዳሳ በብልሃቱ ኮርቶ እስከ ዘጠና አራት ቁጥር ድረስ እያፏጨ መጣ።

ዘጠና አራት በር ላይ ማንም የለም።

«የአዴ ጉዲቱ ቤት ነው» አሉ ጎረቤቶች። «አልወርድም ብላለች። እግሯም እሺ አይላትም።»

«እንግዲያ አንዷን ዝለላትና ማህተሙን ምታልኝ» አለ መርዳሳ።

ሰንበታ ራሱን ነቀነቀ። «በመቶ አሥራ አንድ አሻራ ላይ ማህተም አላሳርፍም። እኔም ልጆች አሉኝ።»

መርዳሳ አራተኛ ጊዜ ዳገቱን ወጣ። አዴ ጉዲቱ ከአንድ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የነቃ ባልቴት ናቸው።

«በጥር አወረዱኝ» አሉት፣ አፉን ሳይከፍት። «እሁድ ተሸክመው አወጡኝ። ዛሬ ደግሞ አንተ ልታወርደኝ መጣህ። የሚያወርደኝ ሰው ሁሉ ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ስንዴው ይቅርብኝ፤ እዚሁ ልሙት።»

መርዳሳ ብዙ ነገር ሊል ይችል ነበር። ስለ መንግሥት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ብርድ። ግን ጆሮውን ያውቃል።

«ስለ ስንዴው አልመጣሁም አዴ። ስለ ራሴ ነው። እርስዎ ካልወረዱ እኔ እታሰራለሁ።»

ባልቴቷ ትክ ብለው አዩት። «እውነቱን የነገረኝ ባለወረቀት አንተ የመጀመሪያው ነህ። ልጆች አሉህ?»

«ሦስት።»

«መልሰህ ታወጣኛለህ?»

«አወጣዎታለሁ።»

«በል ጀርባህን ስጠኝ።»

አዝሏቸው ወረደ፤ የቀሩት በሮች እሱ እስኪመለስ ተዳርሰው ነበር። ከአንድ ጆንያ አይከብዱም። በራቸው ላይ አቆማቸው፤ ሰንበታ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክሮ በዘጠና አራት ቁጥር ትይዩ ተጫነው፤ ስንዴያቸውም ገብቶ አልጋቸው ላይ ተቀመጠላቸው። ሲጨርሱ መርዳሳ ባልቴቷን ውስጥ አልጋቸው ላይ አስቀምጦ «ማህተሙን ላስመታና መጣሁ» አላቸው።

ማህተም መምታት የስንት ደቂቃ ሥራ ነው? የሰንበታ መሳቢያ ተቆልፎ ቁልፉ ጠፋ። ቁልፉ ሲገኝ የማህተሙ ቀለም ደርቆ ተገኘ። ቀለሙ በዝናብ ውሃ ሲርስ ደግሞ ሰንበታ ከማህተሙ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለብኝ አለ፤ በሌላ ወረቀት ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ከዝርዝሩ ሥር ገለበጠ። «ሁሉም አባወራዎች በዛሬው ዕለት በየቤታቸው ተገኝተው ተረክበዋል፤ በቋሚነትም በዚያው ይገኛሉ» የሚል ነበር። ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ፊርማው። ከዚያ ማህተሙ፣ ክብና ጥርት ያለ። መርዳሳ ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

ወደ ውጭ ሲወጣ ጭላሎ ተራራ በደመና ጠፍቷል። ውሃ የሚወርድበት ድምፅ ይሰማል። ሕዝቡ ድምፁን ቀድሞ ስላወቀ ጆንያውን ተሸክሞ ሮጧል፤ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ዳገቱ ላይ ይታያሉ። ጠዋት በጭቃ የተሻገረው ቦይ አሁን ደፍርሶ እየተንደረደረ ነው፤ ዛፍ ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ሰው አዴ ጉዲቱን ሌላው ይዟቸው የወጣ መስሎታል።

መርዳሳ ወደ ዘጠና አራት ሮጠ። ባልቴቷ አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ውሃው ከአልጋው እኩል ሆኗል።

«ቆየህ» አሉት።

ጀርባው ላይ አደረጋቸው፤ ጆንያቸውንም ከአልጋው ላይ ጎትቶ መኪናው ጋ አደረሰ። ሁለቱንም ጋቢና ውስጥ አስገባ። ሰንበታ ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ጮኸ። «ወዴት ትወስዳታለህ? ቤቷ እኮ ነው!»

«ቤቷ ውስጥ ውሃ አለ!»

«ወረቀቱ ላይ ግን እሷ ናት ያለችው!»

መርዳሳ የጋቢናውን በር ዘጋ። ሞተሩን አስነሳ።

ኮረብታው በውሃ ተቆርጧል፤ መኪናም አይወጣውም። አዴ ጉዲቱ ደራ ውስጥ የሺዓለም የምትባል ልጅ እንዳለቻቸው ነገሩት። እንግዲያ ደራ ይሁን። መንገዱን ሙሉ ባልቴቷ ጆንያው ላይ እግራቸውን ሰቅለው የመኪናውን መስታወት የሚጠርገውን ብረት ሲያዩ ሄዱ። «ይህስ አይደክመውም?» ብለው ጠየቁት። መርዳሳ እያነከሰ በሚሄደው መጥረጊያ ሳቀ። ኪሱን ዳሰሰ፤ ወረቀቱ አለ። እኚህም ደኅና ናቸው። ሁለቱም ደኅና ናቸው ብሎ አሰበ፤ ከጠዋት ጀምሮ ነገሩ የገባው ያኔ ብቻ ነበር።

ደራ ሊገባ ሲል ኬላ አለ። ገመዱ ተወጥሯል። ሆራ የሚባለው ጠባቂ ካፖርቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ መጣና ወረቀቱን ተቀብሎ በሥርዓት አነበበ። አንባቢ ሰው ነው፤ ችግሩም እሱ ሆነ።

«ባዶ ተመላሽ ይላል። እኚህ ማን ናቸው?»

«ከጎርፉ የወጡ ናቸው። ልጃቸው ጋ እያደረስኳቸው ነው።»

«የይለፍ ወረቀት?»

አዴ ጉዲቱ ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ መታወቂያ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሆራ መታወቂያውን አየ፤ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤ ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ።

«ጉዲቱ ሁንዴ፣ ቤት ቁጥር ዘጠና አራት። ዛሬ በቤታቸው ተገኝተው ተረክበዋል፤ በቋሚነትም በዚያው ይገኛሉ።» ቀና አለ። «ሴትየዋ ያሉት የት ነው?»

«እዚህ፣ እያየሃቸው።»

«ወረቀቱ እዚያ ናቸው ይላል።»

«እዚያም ነበሩ።»

«ነበሩ አይልም፤ ይገኛሉ ነው የሚለው።» ሆራ የሚያሾፍ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ተጨንቋል። «ስማኝ ወንድሜ። ይህን ወረቀት እኔ ፈርሜ ካሳለፍኩት በኋላ ሴትየዋ ደራ ውስጥ ከተገኙ ተጠያቂው እኔ ነኝ። እዚሁ ይደሩ። ጠዋት ሚሊሻ ይመልሳቸዋል፤ ወረቀትህም ልክ ይሆናል፤ አንተም ሂድ።»

መርዳሳ ወደ ኬላው አየ። የጠባቂው ጎጆ ግድግዳ የለውም፤ አራት እንጨትና ቆርቆሮ ነው። አንድ ሌሊት ነው ብሎ አሰበ። አንድ ሌሊት ሰው አይገድልም። ደግሞ ይገድላል፤ የረጠበች ባልቴትን ይገድላል። ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱም ነገር እኩል እውነት እየሆነበት ነው የዋለው፤ የቱን ይዞ የቱን እንደሚጥል አያውቅም።

አዴ ጉዲቱ አማርኛው ሙሉ በሙሉ ባይገባቸውም ፊት ማንበብ ያውቃሉ። እጃቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ።

«አውርደኝ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ሦስት ልጆች አሉኝ ብለኸኛል።»

በዚህ ጊዜ መርዳሳ አለቀሰ። ዝናብ ስለነበር ሆራ ያየው አይመስለኝም።

«እስክሪብቶ አለህ?» አለው።

«ለምን?»

«ዘጠና አራትን ሰርዘው። አልተረከቡም ብለህ ጻፍ።»

ሆራ ወረቀቱን ገለባበጠው። «አልተረከቡም የሚል ቦታ የለውም። ያለው ‹ተረክቧል› እና ‹ጎድሏል› ነው።» ወደ ጋቢናው አንገቱን አስገብቶ ጆንያውን አየ፣ ባልቴቷን አየ። «ስንዴው እዚህ አለ። እሳቸውም እዚህ አሉ። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?»

«እኔም አላውቅም» አለ መርዳሳ። «ጎድሏል በል።»

«ምን እንደሚከተል ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ። እሱን ብቻ ነው የማውቀው።»

ሆራ ወረቀቱን በካፖርቱ ከልሎ በዝግታ ጻፈ፤ ጉድለት፣ አንድ። መርዳሳ ከሥሩ ፈረመ። ከዚያች ጥርት ካለች ክብ ማህተም አጠገብ ፊርማው የልጅ ጽሕፈት መሰለ። ነገ ማለዳ ወረቀቱን ሸዋወርቅ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖረው የሚሆነውን በዓይኑ አየው፤ ዘርፉም የሳህኑን ክዳን በጨርቅ ስታስር አያት።

ገመዱ ወደቀ። መኪናዋ ወደ ደራ መብራቶች ስትወርድ አዴ ጉዲቱ ጠየቁት።

«ምን ብሎ ጻፈ?»

መርዳሳ ማርሽ ቀየረና እንዴት እንደሚያስረዳቸው አሰበ። «አዴ ጉዲቱ ቤታቸው የሉም ብሎ።»

ባልቴቷ መታወቂያቸውን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «አሁን በዚህ ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ የልጄ ቤት ከወፍጮው ጀርባ ነው።»